በመደብር ስም የታሸገ ቫይታሚን ከታዋቂው ብራንድ ያንሳል? ከባሕር ዳር የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ጥያቄውን ያቀረብኩት በቤታችን ቅያሜ ስለ ገባ ነው። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለእናታችን ቫይታሚን በመንገደኛ እጅ ትልካለች። እናታችን 68 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰባቱንም አጽዋማት ሳያጓድሉ ይጾማሉ። ቀድሞ ይላክላቸው የነበረው ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ብራንድ ነበር። ዘንድሮ ግን እህቴ ከምትገበያይበት ትልቅ መደብር፣ በመደብሩ በራሱ ስም የታሸገ ብልቃጥ ላከች፤ ዋጋው የቀድሞውን ግማሽ እንደማይሞላም በደስታ ነገረችን። እናቴ ዋጋውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ልጄ ኑሮ ቢከብዳት ነው እንጂ ለእናቷ ርካሹን አትልክም ነበር አሉና ብልቃጡን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት ወር ሙሉ ሳይከፈት እዚያው ቆየ። እህቴም ይህን በሰማች ጊዜ አዘነች፤ ስልክ መደወልም ቀነሰች።

ከዓመታት በፊት የመጣውን የታዋቂውን ብራንድ ባዶ ብልቃጥ እናቴ ጥቁር አዝሙድ ያኖሩበታል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ብልቃጦች መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አቁሜ የጀርባ ጽሑፋቸውን አነበብኩ። በድሮው ላይ ከቫይታሚን ዲ አጠገብ 1,000 የሚል ቁጥር አለ፤ በአዲሱ ላይ ያለው ግን 25 ነው። ያን ጊዜ የእናቴ ጥርጣሬ እውነት መሰለኝ። በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይም በመደብር ስም የሚሸጠው ቫይታሚን ከታዋቂው አርባ ጊዜ የደከመ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝም ጠየቅሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጡትን መልሶች እንደ ተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አቀርባለሁ፤ የማስቀምጠው የጸሐፊዎቹን ሐሳብ ነው እንጂ ቃላቸውን አይደለም።

1ኛው መልስ የመጣው እዚሁ ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ከሚሠሩ ባለሙያ ሲሆን፣ እሳቸው ስሕተቴን ያረሙኝ ሳያሳፍሩኝ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድን መጠን በሁለት መለኪያ የሚገልጹ እንደሆኑ አስረዱ፤ ለቫይታሚን ዲ 1 ማይክሮ ግራም ማለት 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት ስለሆነ፣ 25 ማይክሮ ግራምና 1,000 ዩኒት እኩል ናቸው። በአሜሪካ የብልቃጥ ጽሑፍ ደንብ ተሻሽሎ ትልልቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በማይክሮ ግራም መጻፍ ስለ ግድ ሆነባቸው፣ የድሮና የአዲስ ብልቃጥ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው በቀላሉ እንደሚሳሳት ጨመሩ። ሂሳቡ ለሁሉም ቫይታሚን አንድ አለመሆኑንም አሳሰቡ፦ ለቫይታሚን ኢ 1 ዩኒት ከተፈጥሮ የተገኘ ከሆነ 0.67 ሚሊ ግራም፣ በፋብሪካ የተቀመመ ከሆነ ደግሞ 0.45 ሚሊ ግራም ነው። አርባ ጊዜ የደከመ ያልኩትን ወዲያውኑ ከመነሻው ጽሑፍ ላይ ሰረዝኩ፤ እህቴንም በዚያው ምሽት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

በ2ኛው መልስ አንድ በአሜሪካ በእሽግ ፋብሪካ ለአራት ዓመት የሠራ ወንድም ገባ። እሱ በነበረበት ፋብሪካ ጠዋት የአንዱ መደብር፣ ከሰዓት የሌላው ስም የተለጠፈባቸው ብልቃጦች በአንድ መስመር ላይ ያልፉ እንደነበር ተረከ፤ የሚቀየረው የሚለጠፈው ወረቀትና የክዳኑ ቀለም ነው ሲልም ደመደመ። ከዚህ ተነሥቶ በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት የለም፣ ለታዋቂው የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ የማስታወቂያ ዋጋ ነው አለ።

3ኛዋ መላሽ ግን ይህ መደምደሚያ ከታየው ነገር በላይ የሄደ ነው አሉ። ብዙዎቹ መደብሮች የራሳቸው ፋብሪካ እንደሌላቸውና በውል እንደሚያሠሩ ከ2ኛው ጋር ይስማማሉ፤ ነገር ግን አንድ ፋብሪካ መሆኑ አንድ ቅምር መሆኑን አያሳይም። በአንድ ምጣድ ላይ የጤፍም የዳጉሳም እንጀራ ይጋገራል፤ ልዩነቱን የሚወስነው ሊጡ ነው። ይህ አገላለጽ ነገሩን ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎልኛል። በመደብር ስም በታሸጉት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚህኛው ታዋቂ ብራንድ ጋር ያነጻጽሩ የሚለው ጽሑፍም ለገዢው የቀረበ ግብዣ ነው እንጂ አንድ ናቸው ብሎ የሚመሰክር የሦስተኛ ወገን ቃል አይደለም። ምሳሌ አድርገው ያነሡት ማግኒዚየምን ነው፤ በአንዱ ላይ ማግኒዚየም ኦክሳይድ፣ በሌላው ላይ ማግኒዚየም ሲትሬት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ኦክሳይዱ ርካሽ ነው፣ በትንሽ ክኒን ውስጥም ብዙ ይይዛል፣ ሰውነት የሚቀበለው ግን ከሲትሬቱ ያነሰውን ነው። ስለዚህ የቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በቅንፍ ውስጥ ያለውን የውሕዱን ስም ጭምር ማንበብ ያሻል፤ ይህን ሲያደርጉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የመደብሩ፣ አንዳንድ ጊዜም የታዋቂው ይበልጣል።

4ኛው ምስጋና ብቻ ነበር።

5ኛው መልስ በክሩ (በጥያቄዬ ሥር በተከታተለው ውይይት) ውስጥ ረጅሙ ነው፤ የጻፉት ሰው ሕግ ያጠኑ ይመስላል። ሰዎች ታዋቂ ብራንድ ሲባል መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው አድርገው እንደሚያስቡ፣ ይህ ግን ስለ አሜሪካ ገበያ ትክክል እንዳልሆነ በትዕግሥት አብራሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የምግብ ማሟያዎች ሕግ መሠረት የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቫይታሚኖችን ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ስለ ደኅንነታቸውና ስለ ፈዋሽነታቸው መርምሮ አያጸድቅም፤ ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የአምራቹ ነው። ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. በ2007 የአመራረት ሥርዓት ደንብ አውጥቷል፤ ያ ደንብ ታዋቂ ስም ያለውንም በመደብር ስም የሚሸጠውንም እኩል ይይዛል። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የሚፈልግ ገዢ ሊፈልገው የሚገባው በፈቃደኝነት በሚደረግ ምርመራ የሚሰጠውን ምልክት ነው፤ ከእነዚህም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ የመድኃኒት መለኪያዎችን ሲያወጣ የኖረው ዩ.ኤስ.ፒ. የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ነው። ምልክቱ የሚመሰክረው አራት ነገር ነው፤ በጽሑፉ ላይ ያለው በእርግጥ በውስጡ እንዳለ፣ ጎጂ ንጥረ ነገር ከተፈቀደው በላይ እንዳልገባበት፣ ክኒኑ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደሚበተን፣ በጥሩ የአመራረት ሥርዓት እንደተሠራ። ክኒኑ ከሕመም ያድናል ብሎ ግን አይመሰክርም። ይህ ምልክት ከርክላንድ በሚለው የመደብር ስም በሚሸጡ አንዳንድ ቫይታሚኖች ላይም፣ ኔቸር ሜድ በተባለው ታዋቂ ብራንድ አንዳንድ ምርቶች ላይም ይገኛል፤ የአንድ ብራንድ አንዱ ብልቃጥ ምልክቱ ኖሮት ሌላው ላይኖረው ስለሚችል ግን እያንዳንዱን ማየት ግድ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የጥያቄዬ አቀማመጥ ራሱ የተዛባ እንደነበር ተረዳሁ፤ የጠየቅሁት ስለ ስም ነበር፣ መጠየቅ የነበረብኝ ግን ስለ ምስክር ነው።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ጨዋነት በ6ኛው ላይ ተለወጠ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለአራት ትልልቅ የመደብር ሰንሰለቶች የላከውን ማስጠንቀቂያ አንሥቶ፣ በመደብር ስም የሚሸጥ ሁሉ ገለባ መሆኑ በአደባባይ ተጋልጧል፣ ይህን እያወቁ ለወላጆቻቸው የሚልኩ ልጆች ሊያፍሩ ይገባል ብሎ ጻፈ። ቃሉ ከበደኝ፤ እህቴ ይህን ክር ታነበዋለች።

7ኛዋ መልስ የሰጡት በዚያው ሰዓት ውስጥ ነው፤ እሳቸውም አልለዘቡም። ማስጠንቀቂያው እውነት መሆኑን፣ ነገር ግን የተመረመሩት ቫይታሚኖች ሳይሆኑ እንደ ጂንሰንግና እንደ ነጭ ሽንኩርት ያሉ የዕፅዋት ዝግጅቶች እንደነበሩ አስቀመጡ። ምርመራው የተካሄደው በዲ.ኤን.ኤ. ነው፤ ዕፅ ተጨምቆና ተጣርቶ ሲዘጋጅ ዲ.ኤን.ኤ.ው ሊጠፋ ስለሚችል፣ ዘዴው ለዚህ ሥራ ይመጥናል ወይ የሚለው በራሱ በባለሙያዎች መካከል ክርክር አስነሥቷል። ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን መፍረድ፣ ያውም የሰውን ልጅ ማሳፈር፣ ከክህደት አይተናነስም ሲሉ ዘጉት። 6ኛው መልስ አልሰጠም።

8ኛው ጸሐፊ ከዘጌ ነው። የተሠራውን ሥራ እንዳነበብኩት ልተርክ። ሁለት የቡና ስኒ ረከቦቱ ላይ ደርድሮ፣ በሁለቱም ውስጥ አቼቶ ሞልቶ፣ በአንዱ የታዋቂውን ብራንድ ክኒን፣ በሌላው በመደብር ስም የመጣውን ጨመረ፤ በየጊዜው በማንኪያ እያማሰለ ሰዓቱን ይዞ ተቀመጠ። የመደብሩ ክኒን ጠርዙ መፈርፈር ጀመረ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም እንደ ረጠበ ኖራ ተንዶ ስኒው ሥር ተኛ፤ የታዋቂው ግን ግማሽ ሰዓት አልፎም ቀለሙ ብቻ ደብዝዞ እንደ ጠጠር ቀረ። ከዚህ በመነሣት ዋጋው የተወደደው ሆድ ገብቶ እንደገባ ይወጣል የሚል ፍርድ ሰጠ።

የ1ኛው መልስ ባለቤት የሆኑት የፋርማሲ ባለሙያ በ9ኛው ተመልሰው ገቡ። ሙከራውን አላጣጣሉትም፤ ምንም ሽፋን የሌለው ተራ ክኒን በአቼቶ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ካልተበተነ መጠራጠር ተገቢ ነው አሉ። ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ ክኒን የሚፈተነው በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ሳያቋርጥ በሚንቀሳቀስ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ በጨጓራ ሳይሆን በአንጀት እንዲሟሟ ተብሎ የተሸፈነ ወይም ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ደግሞ በአቼቶ ውስጥ አለመበተኑ የተፈለገው ባሕርይው ነው። ብልቃጡ ላይ ምን እንደሚል እንዲያይ ጠየቁት። የዘጌው ሰው በማግሥቱ አይቶ መጣና፣ ታዋቂው ቀስ ብሎ የሚለቅ ተብሎ የተጻፈበት መሆኑን ገልጾ ፍርዱን አነሣ። በእንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ ሰው ያለውን ሲመልስ ማየት ብርቅ ስለሆነ አመስግኜዋለሁ።

በ10ኛው አንድ ዲያቆን ነገሩን በሌላ በኩል አዩት። በጾም የሚወሰድ ቫይታሚን ከምን እንደተሠራ ማን ይነግረናል ብለው ጠየቁ። በ11ኛው መልስ የሰጡት ሙስሊም እህት ሲሆኑ፣ ጥያቄው የእሳቸውም ጥያቄ ስለነበረ ጊዜ ወስደው ያጠኑት መሆኑ ይታወቃል። ለስላሳው እንክብል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይገኛል፤ ብልቃጡ ላይ ጀላቲን ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቫይታሚን ዲ3 በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከበግ ፀጉር ከሚወጣ ቅባት ነው። ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን ያለው እንክብል ግን አለ፤ ከመደብሮቹም ከታዋቂዎቹም ወገን ይገኛል፣ በጽሑፉ ላይም ሴሉሎስ የሚለውን ቃል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ዲያቆኑ አመሰገኑ፤ ለታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር እንደሚሻልም አከሉ። 12ኛውና 13ኛው ከዚህ ተነሥተው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው፣ ከዚያም ወደ ጣና ቆሮሶና አምባዛ ዋጋ፣ ከዚያም ወደ እምቦጭ አረም ሄዱ። አረሙ ሁላችንንም የሚያንገበግብ ጉዳይ ነው፤ ስፍራው ግን እዚህ ስላልነበር ሌላ ክር እንዲከፍቱለት ጠይቄ ወደ ነገራችን መለስኳቸው።

14ኛው መልስ ከአዴት የመጣ ሲሆን፣ እኔ ከሁሉም ይልቅ በየቤቱ እንዲነበብ የምመኘው ነው። የጸሐፊዋ አክስት የተላከላቸው ብልቃጥ ላይ 2024 የሚል ዓመት ታትሞ ነበር። አክስታቸው ብልቃጡ በመጣበት በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩን በእኛ ዘመን አንብበው ገና ስምንት ዓመት ቀርቶታል በማለት ለክፉ ቀን ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ አውጥተው መጠቀም የጀመሩት በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ የነበሩት ክኒኖች በቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉረው፣ እርስ በርሳቸውም ተጣብቀው ተገኙ። ጸሐፊዋ እንዳብራሩት ጊዜው ያለፈበት ቫይታሚን አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ እየደከመ የሚሄድ ነው እንጂ መርዝ አይሆንም፤ ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉትን ቀኑ ሳይደርስ ያበላሻቸዋል። በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት መስኮት ሥር የተቀመጠ፣ ወይም ከምድጃ አጠገብ የተንጠለጠለ ብልቃጥ፣ ስሙ የቱንም ያህል የገነነ ቢሆን አይተርፍም። በዚህ ላይ 5ኛው ጸሐፊ አንድ ቃል ጨመሩ፤ የአሜሪካ ደንብ በቫይታሚን ብልቃጥ ላይ የማብቂያ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም፤ ስለዚህ ቀን የሌለበት ብልቃጥ ሲመጣ የተገዛበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ መጻፍ ይበጃል። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ ብልቃጡን ከፀሐይ አራቅሁ፤ ቀኑንም በሁለቱም ዘመን በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ።

15ኛው ክሩን እንደገና አጋለው። ጽሑፉ ስለ ሁለቱም ወገን አይጨነቅም፤ ታዋቂውም የመደብሩም ንግድ ነው፣ ጤፍና ዳጉሳ፣ ጎመንና ሽምብራ በሚበላበት አገር ቫይታሚን በብልቃጥ መላክ የናፍቆት ማስተሰረያ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፣ አያቶቻችን ያለ ክኒን ዘጠና ዓመት ኖረዋል የሚል ነበር። በቃሉ ውስጥ እውነት አለ፤ በደንብ የሚመገብ ጤነኛ ሰው ከብልቃጥ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ዳጉሳም በካልሲየም ከሌሎቹ እህሎች ይበልጣል። ሆኖም ሁሉንም ሰው በአንድ ሚዛን መመዘኑ የ16ኛዋን ጸሐፊ ቍስል ነካ።

እሳቸው የጻፉት በቁጣ ነው፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። አባታቸው እንደ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ወስደዋል፤ ጾመኛም ነበሩ። እግራቸው መደንዘዝ ጀመረ፤ ጫማቸው ሲወልቅ ሳይታወቃቸው በባዶ እግራቸው በጠጠር ላይ ይሄዱ ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል በሄዱበት የሕክምና ቦታ ሁሉ የተነገራቸው የስኳሩ ነው የሚል ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ደም አስመርምሮ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አገኘ። ጸሐፊዋ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ቢ12 ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንጂ ከአትክልትና ከእህል አይገኝም፤ ሜትፎርሚን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቢ12ን የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አያቶቻችን ያለ ክኒን ኖረዋል ማለት መልስ አይሆንም፤ አያቶቻችን ሜትፎርሚን አልወሰዱምና። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ሌላ ቫይታሚን በብዛት መውሰድ ደግሞ ከቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ አሻሽሎ የነርቩን ጉዳት ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ሳይመረመሩ ክኒን መደራረብ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። አባታቸው መርፌ ተጀምሮላቸው ተሻላቸው፤ የግራ እግራቸው ጣቶች ግን ስሜታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። 15ኛው ጸሐፊ ከሁለት ቀን በኋላ በአጭሩ አዝናለሁ ብሎ ጻፈ።

ይህን መልስ ያነበብኩት ሌሊት ነበር። እናቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሲሰግዱ እግራቸው እንደሚያንቀላፋባቸው ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን ከእርጅና ቆጥሬው ነበር።

17ኛው ከላቦራቶሪ ባለሙያ የመጣ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚላከው ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ የደም ምርመራ ውጤትን እንደሚያዛባ፣ በተለይም የታይሮይድንና የልብ ጡንቻ ጉዳት ምልክት የሆነውን የትሮፖኒንን ምርመራ ሊያሳስት እንደሚችል የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቁን አስታወሱ። ለአዋቂ በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ በሚላኩት ብልቃጦች ላይ 5,000 ወይም 10,000 ተጽፎ ይታያል፤ ይህ ደግሞ በመደብሩም በታዋቂውም ላይ አንድ ነው። ለምርመራ የሚቀርብ ሰው የሚወስደውን ሁሉ፣ ቫይታሚን ብቻ ነው ሳይል፣ ለባለሙያው እንዲናገር ለመኑ።

18ኛዋ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርስ ናቸው። ለነፍሰ ጡር እናቶች 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው ክኒን በእርግዝና ክትትል ወቅት በነጻ እንደሚሰጥ፣ ያን ግን ተራ ነው ብለው ቤት አስቀምጠው በዘመድ በኩል የመጣውን በስም የገነነ ብልቃጥ የሚመርጡ እናቶች እንደሚያጋጥሟቸው በሐዘን ጻፉ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የብረት መጠን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው፤ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ተብለው የሚዘጋጁት ብዙዎቹ ብረት የላቸውም። ክኒኑን ከቡና ጋር መዋጥ ደግሞ ሥራውን ያበላሸዋል፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከአቦሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ያስደነገጠኝን ነገር አነሡ። ብረት ያለበት ብልቃጥ ሕፃናት ከሚደርሱበት መቀመጥ የለበትም፤ ብረትን በብዛት መዋጥ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመመረዝ ከሚገድሉ ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በአሜሪካ ብልቃጦች ላይ በግድ ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ በቤታችን የሚያነበው የለም። ቀይና ጣፋጭ ሽፋን ያለውን ክኒን ሕፃን ከከረሜላ አይለየውም።

19ኛው በገበያ ቫይታሚን የሚሸጥ ሰው ነበር፤ የእሱ ዕቃ የታሸገና የታመነ መሆኑን ገልጾ ሰው እንዲመጣ ጋበዘ። የፋርማሲ ባለሙያዋ በ20ኛው በጥብቅ ቃል ተቃወሙት፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ፣ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ብልቃጥ ክዳኑ ቢታሸግም ዋስትና የለውም፤ መድረኩም የመሸጫ ስፍራ አይደለም። ጽሑፉ በአወያዮቹ ተነሣ።

በ21ኛው መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማሳወቅ። እናቴን ወስጄ ደም አስመረመርኩ፤ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ቢ12 ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መርፌ አዘዙላቸው፤ ሁለቱንም ብልቃጦች ይዤላቸው ሄጄ ስለነበር አገላብጠው አነበቡና፣ በሁለቱም ውስጥ ያለው የቢ12 መጠን ተቀራራቢ መሆኑን፣ ለእናቴ ችግር ግን አንዱም እንደማይበቃ ነገሩን። እናቴ ከወንበሩ ላይ ሆነው ታዲያ ልጄ የላከችው ያው ነበር ማለት ነው ብለው ጠየቁ። አዎን፣ ያው ነው አሏቸው። በዚያው ቀን ማታ ስልኩን ራሳቸው አስደውለው ከእህቴ ጋር ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ ስለ ቫይታሚኑ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ በማግሥቱ ጠዋት ግን ከአዲሱ ብልቃጥ አንድ ክኒን ከቁርስ ጋር ወሰዱ።

በሁለቱም ብልቃጦች ላይ 5ኛው ጸሐፊ የነገሩንን ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም። እህቴ ለጥምቀት ከሚመጣ ሰው ጋር ስትልክ፣ ከመግዛቷ በፊት የብልቃጡን ጀርባ ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክልኝ ተስማምተናል፤ ፎቶግራፉ ሲደርሰኝ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ የፋርማሲ ባለሙያዋ እንዲያዩልኝም ከወዲሁ እጠይቃለሁ።